ሊታመሙ እምቢ ያሉ ዝንቦች

አንጎሉ ጤነኛ ነበር። ትናንት ያየችውም ጤነኛ ነበር፤ ከትናንት ወዲያም እንደዚያው። በዚህ ዓለም ላይ ጤና ባየ ቁጥር ቆሽቱ የሚያር ሰው ይኖራል ቢባል ማን ያምናል? አለ እንጂ፤ እነሆ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ የታችኛውን ከንፈሯን እየነከሰች ነው።

የሥራ ባልደረቦቿ ጓንት ይሏታል። ጓንት ሳታጠልቅ የበር እጀታ እንኳን አትነካም ብለው ያወጡላት ቅጽል ነው፤ ቢያጋንኑም ከእውነቱ ብዙ አልራቁም። ወረንጦዎቿ በቁመታቸው ተሰልፈው ይተኛሉ፤ ብልቃጦቿ ስም የተጻፈበትን ጎናቸውን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው ይቆማሉ። ያገለገለ ብልቃጥ ደግሞ እሷ ዘንድ አያድርም። ይህንንም አፏን ሞልታ ትናገራለች።

የምታጠናው የፍራፍሬ ዝንብ ነው፤ ያችን የበሰለ ሙዝ ሸትቷት ከየት መጣች ሳይባል ማድ ቤት የምትገባውን ኢምንት ነገር። ዝንብ ቶሎ ይራባል፣ ብዙ ቦታ አይፈልግም፣ ሕዋሱ የሚከፈልበት መንገድ ደግሞ ከሰው ሕዋስ ብዙም አይለይም። አከፋፈሉን ለማየት ገና ትል ከሆነው ከዝንቡ እጭ ራስ ውስጥ የአሸዋ ቅንጣት የምታክል አንጎል በወረንጦ ትወጣለች፣ ቀለም ትነከራለች፣ በሁለት መስታወት መሀል ትጨፈለቃለች። ጤነኛ ሕዋስ ለሁለት ሊከፈል ሲል ክሮሞሶሞቹን መሀል ላይ ያሰልፋል፤ ከዚያ ከግራና ከቀኝ የሚስቡ ቀጫጭን ክሮች ግማሹን ወዲህ፣ ግማሹን ወዲያ ይወስዱታል። የእሷ ዝንቦች ግን ክሮቹን የሚያስረው ጂን ላይ ጉዳት አለባቸው። በእነሱ ሕዋስ ውስጥ ክሮሞሶሞቹ መሀል ላይ ተጠቅጥቀው ይቀራሉ፤ ሕዋሱ አይከፈል፣ ነገሩንም አይተው፣ እንደተገተረ ይሞታል።

ይህን የጂን ለውጥ ያገኘችው እሷ ራሷ ነች። በዚህ ሙያ ያገኘ ሰው ስም ያወጣል፤ እሷም «ግትር» አለችው። አብሯት የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ይህን ሲሰማ፣ «ሌላ ስም ጠፍቶ ነው የራስሽን የሰጠሽው?» ብሎ ሲስቅባት ሰነበተ።

በመጀመሪያው ዓመት ግትሮቹ እውነትም ያሳዝኑ ነበር። ከሌሎቹ ዝንቦች ዘግይተው ከቅርፊታቸው ይወጣሉ፤ ሲወጡም እንደ በሽተኛ ብልቃጡ ሥር ይጎተታሉ። አንጎላቸው ሲታይ ከሚከፈሉት ሕዋሳት ሲሶው ተገትሮ የቀረ ነበር። ፎቶው ተነሣ፣ ጽሑፉ ታተመ፣ የላብራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰር በየስብሰባው ስሟን ጠራ። አሁን ግን ከወራት ወዲህ አንድም የተገተረ ሕዋስ አላየችም። ዝንቦቹ ሊታመሙ እምቢ አሉ፤ ያለ አንዳች ይቅርታ በጤና ይርመሰመሳሉ።

ብቻዋን ያወቀችው ችግር ሆኖ ቢቀር እንኳን ደግ ነበር። በሌላ ከተማ ያለ ላብራቶሪ ዝንቦቹን አስልኮ ነበርና አንድ ቀን ፕሮፌሰሩ ቢሮው አስጠራት። ተቀመጪ አላላትም።

«ምንም አላየንም ነው የሚሉት» አላት፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ። «ብልቃጡን ያሸገው ማነው?»

«እኔ ነኝ ፕሮፍ። በራሴ እጅ።»

«አንቺስ? ታያለሽ?»

«ሰሞኑን አላየሁም።»

«ሰሞኑን ማለት?»

«ትንሽ ቆይቷል።»

አሁን ዞሮ አያት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር። «ፎቶዎቹ እውነት ናቸው ወይ ብዬ እኔ አልጠይቅሽም» አለ። «እነሱ ግን መጠየቃቸው አይቀርም። ወሩ ሲያልቅ በሚደረገው ስብሰባ ላይ ግትርን ታሳዪናለሽ። ካልሆነ የታተመውን ጽሑፍ እንስበዋለን፤ አንቺም ሌላ ርዕስ ይዘሽ ከ«ሀ» ትጀምሪያለሽ።»

ከ«ሀ» መጀመር ማለት ዘንድሮ አትመረቂም ማለት ነው። ጽሑፉን መሳብ ማለት ደግሞ፣ ቃሉን ለስለስ አድርገው ይናገሩት እንጂ፣ ዋሽተሻል ማለት ነው። ከቢሮው የወጣችው ጆሮዋ እየጮኸ ነበር።

ቤት ስትደርስ እናቷ እንደ ልማዷ ከበሩ ጀምራ ጠየቀቻት። «ታመሙልሽ?»

«አልታመሙም እማዬ።»

«ምን ሆነው ነው እነዚህ? መድኃኒት ቢጤ ጠብ አድርጊባቸዋ።»

«መድኃኒት ለመዳን እኮ ነው።»

«መርዝም አለ» አለ ወንድሟ ከሶፋው ላይ። «እኔ ዝንብ ለመግደል አንድ ጋዜጣ ነው የሚበቃኝ። አንቺ ማሳመም አቅቶሽ ስንት ወርሽ።»

እንዲህ ያለውን ቀልድ ሌላ ጊዜ ብትሰማ ትስቅ ነበር። እናቷ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ዘንድሮ ዶክተር ትሆናለች» ብላ ጨርሳለች፤ የሚሰማት ሁሉ ዶክተር ሲባል መርፌ የሚወጋ ስለሚመስለው፣ የደም ግፊቱን የሚያስለካ ጎረቤት ከአሁኑ በራቸውን ማንኳኳት ጀምሯል። ጓንት ያለ እራት ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች።

ከዚያ ወዲያ ያልጠረጠረችው ነገር የለም። ቀለሙ ነው አለችና ቀለሙን ደፍታ በአዲስ በጠበጠች። ማሞቂያ ሳጥኑ ነው አለችና ሌላ ቴርሞሜትር አስገባች፤ ሙቀቱ ልክ ነበር። ዝንቦቹ የሚመገቡትን ገንፎ ከሌላ ዱቄት አሠራች። ከታችኛው ፎቅ ማይክሮስኮፕ ለመነች፤ በተበደረችው ማይክሮስኮፕም ጤና፣ ጤና፣ ጤና። አንድ ቀን የተጨፈለቀውን አንጎል ከነመስታወቱ ቅርጫት ውስጥ ወርውራ፣ መልሳ በወረንጦ ለቅማ፣ መስታወት ወደሚጣልበት ዕቃ አዛወረችው። ጨጓራዋ ተልጦም ቢሆን መስታወት ከወረቀት ጋር አትቀላቅልም።

ዕቃው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ የቀረው ሰው ነበር። ከጀርባዋ የሚቀመጠው ረጅሙ የሚሉት ተማሪ የዝንቦችን እንቅልፍ ያጠናል፤ ዝንብ ሲተኛ ሲያይ እሱም ይተኛል እያሉ ያሙታል። የእሱ መደርደሪያ የጉድ ነው። ብልቃጦቹ ግማሾቹ ስም የላቸውም፣ ገንፏቸው ደርቆ ተሰንጥቋል፣ ሻጋታ ያወጡም አሉ። ጓንት በዚያ ባለፈች ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች።

«ብልቃጦቼን ነክተሃል?» አለችው አንድ ጠዋት።

«መጀመሪያ እንዴት አደርክ አይባልም?»

«ዝንቦቼ ካንተ ዝንቦች ጋር ተደባልቀዋል። ሌላ ምክንያት የለውም።»

«ነክቼ ከሆነ ዓይኔ ይፍሰስ።»

«ይሄ ሁሉ ቆሻሻ ባለበት ምን ሳይደባለቅ ይቀራል? አንተ ምን ቸገረህ፣ የምትጠብቀው ምረቃ የለህም።»

የመጨረሻውን ማለት አልነበረባትም። ረጅሙ ባለፈው ዓመት ፈተናውን ወድቆ እንደነበር ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጣት። እሷ ግን ገና አልወጣላትም ነበር። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ፣ ብልቃጥ የሚከማችበት ቀዝቃዛው ክፍል ገባች። ስም የሌለውን፣ የሻገተውን፣ የደረቀውን ሁሉ ከረጢት ውስጥ ሞልታ በረዶ ቤት ከተተችው። ዝንብ ከነሕይወቱ አይጣልም፤ አምልጦ ሕንፃውን እንዳይሞላ መጀመሪያ በብርድ ይሞታል። መደርደሪያውን በአልኮል ወለወለች። ስትመለስ፣ «ቆሻሻህን አንሥቼልሃለሁ» አለችው። ረጅሙ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጂኑን ፊደል በፊደል እንዲያነቡላት የላከችበት ውጤት መጣ። ጉዳቱ ድሮ በነበረበት ቦታ ቁጭ ብሏል። ዝንቦቹ የእሷው ናቸው፤ አልተደባለቁም፤ ረጅሙ ምንም አላደረገም። ይቅርታ ልትጠይቀው ሁለት ጊዜ ከወንበሯ ተነሣች፤ ሁለቱንም ጊዜ ውሃ ቀድታ ተመለሰች። ደግሞስ ምን ብላ ታስረዳው? ጉዳቱ አለ፣ በሽታው የለም። እግሩ ተሰብሮ የሚሮጥ ሰው አይታ የምታውቅ ይመስል ወረቀቱን እያገላበጠች ፈዛ ቀረች። የነገሩ ውል ጠፋባት።

ስብሰባው ሊደርስ ሲል ዝንቦቹን ወደ አዲስ ብልቃጥ የምታዘዋውርበት ቀን መጣ። ይህን ሥራ እጇ ያለ እሷ ይሠራዋል። አሮጌውን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ታደርጋለች፣ ዝንቦቹ ወደ ታች ይረግፋሉ፣ የጥጥ ውታፉን ትነቅላለች፣ አዲሱን ትደፋበታለች፣ ገልብጣ እንደገና መታ። የተሻገረው ተሻገረ፤ አሮጌው ወዲያው በረዶ ቤት ይገባል። ሌሎቹ ተማሪዎች አሮጌውን እዚያው ትተውት ገንፎው ሲሻግት ትዝ ይላቸዋል፤ እሷ ግን እጇ ውስጥ አታቆየውም። ዛሬ ግን ልታነሣው ስትል ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነበር።

«እማዬ ለምረቃሽ ቀሚስ እያሰፋች ነው» አላት።

«ምን?»

«ጨርቅ ገዝታ፣ ተለክታ። አዳራሹ ውስጥ ከፊት ነው የምቀመጠው ብላለች። አሁኑኑ ንገሪያት ወይ ዝንቦችሽን ቶሎ አሳምሚያቸው፤ እኔ የለሁበትም።»

ስልኩን ዘግታ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። አሮጌውን ብልቃጥ ረስታው ሄደች፤ ጓንት ብልቃጥ ረስታ ስትሄድ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ቅዳሜና እሑድ አልፎ ስትመለስ ብልቃጡ ጠረጴዛዋ መሀል ቆሞ ጠበቃት። መጀመሪያ አፈረች፤ ልታነሣውም እጇን ዘረጋች። ከዚያ ቆመች። ብልቃጡ ውስጥ አንድም ዝንብ አልነበረም። ግድግዳው ላይ የተለጠፉት ቡናማ ቅርፊቶች ሁሉም ክፍት፣ ሁሉም ባዶ። ከተዘዋወሩት በኋላ የወጣ የለም ማለት ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ አሮጌውን ብልቃጥ ስትጥል ግማሹ ቅርፊት ገና አልተከፈተም ነበር፤ ውስጡ ያልደረሱ፣ የሚዘገዩ ዝንቦች ነበሩበት። ዘገምተኞቹ ትላቸው ነበር። ዘገምተኞቹ የት ሄዱ?

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የት ይሄዳሉ፣ በረዶ ቤት እንጂ። በየሁለት ሳምንቱ፣ ያለ አንድ ቀን መዛነፍ፣ በገዛ እጇ። የሚዘገዩት እኮ ከሁሉ የባሰ የታመሙት ነበሩ። ቀድመው የሚወጡት፣ ቀድመው አዲሱ ብልቃጥ ውስጥ የሚገቡት፣ በአጋጣሚ ሌላ ጂን ላይ ሌላ ትንሽ ለውጥ ያገኙ፣ ያም ለውጥ የመጀመሪያውን ጉድለት የሸፈነላቸው ናቸው። እሷ እነዚያን አሻገረች፤ እነሱ ወለዱ፤ ከልጆቻቸው ደግሞ የፈጠኑትን አሻገረች። እንዲህ እያለች ከስንት ትውልድ በኋላ በሽታውን ጠርጋ አወጣችው። ቀለሙ አልነበረም፣ ማሞቂያውም አልነበረም። አሮጌ ብልቃጥ እሷ ዘንድ አያድርም፤ በቃ፣ ይኸው ነበር ጥፋቱ። ራሷን በጥፊ ብትመታው በወደደች።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት። ላብራቶሪው ውስጥ የቆየ ደንብ አለ፦ አዲስ ለውጥ ያገኘ ሰው ቅጂውን ለጎረቤቱ ይሰጣል፤ የአንዱ ቢሞት የሌላው እንዲተርፍ። የግትርን ቅጂ የሰጠችው ለረጅሙ ነበር። ረጅሙ ደግሞ ሰነፍ ነው። ብልቃጡን ቀዝቃዛው ክፍል ይከተዋል፣ በዚያ ዝንብ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ የሚያዘዋውረውም ሁሉም ወጥተው፣ ዘገምተኞቹም ሳይቀሩ፣ ገንፎው ሊያልቅ ሲል ነው። እሱ ዘንድ ማንም አልተጠረገም።

ወንበሩን ልትገለብጠው ጥቂት ቀራት። «ረጅሙ፣ ቅጂው አለህ አይደል? የግትር ቅጂ። በመጀመሪያው ዓመት የሰጠሁህ።»

ማዳመጫውን አወለቀ። ከጠቡ ወዲህ ስታናግረው የመጀመሪያዋ ነበር። «ነበረኝ» አለ።

«ነበረኝ ማለት?»

«ቀዝቃዛው ክፍል፣ የታችኛው መደርደሪያ ላይ።» ጣቱን ወደዚያው ቀሰረ። «አንቺ አጸዳሽው።»

ክው አለች። ስም የሌላቸው፣ የደረቁ፣ ሻጋታ ያወጡ። አንዱን ብልቃጥ ስትወረውረው አፍንጫዋን ይዛ እንደነበር እንኳን አስታወሰች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ተናድጄ ነበራ። እንደዚያ ስትሰድቢኝ ምን ልበልሽ?» አንገቱን አከከ። «ደግሞ ዋናው አንቺ ጋ እያለ ቅጂው ምን ያደርግላታል ብዬ ነው። እውነቴን ነው። ባውቅ ኖሮ በረዶ ቤት ገብቼ አወጣው ነበር።»

ልትጮህበት ፈለገች፤ የምትጮህበት ነገር ግን አጣች። ቂም ያስያዘችውም፣ ብልቃጡን የጣለችውም እሷው። ሆድ ባሳትና ዓይኗን በክንዷ ሸፈነች። እጇ ላይ ጓንት ነበራ።

«በነገራችን ላይ ይቅርታ» አለች ከክንዷ ሥር። «ስለ ፈተናውም።»

«እሺ» አለ ረጅሙ።

በስብሰባው ቀን ምንም ፎቶ አልያዘችም። ተነሥታ የሆነውን እንደሆነ ተናገረች፤ ዘገምተኞቹን እንዴት እንደጣለች፣ ቅጂውን እንዴት እንደጣለች። መሀል ላይ ረጅሙ እጁን አውጥቶ፣ «ስም አልጻፍኩበትም ነበር፣ የኔም ጥፋት ነው» አለ። ደግነቱ ከስድብ ይልቅ አቃጠላት፤ ምነው ዝም ቢል።

ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ስለዚህ የታተመው እውነት ነበር እያልሽኝ ነው።»

«እውነት ነበር።»

«ማስረጃሽስ?»

«አሁን የለኝም ፕሮፍ። የዳኑትን ከተራ ዝንቦች ጋር ባዳቅላቸው፣ ከልጅ ልጆቻቸው መሀል አንዱ ለውጥ ከሌላው ይለያያል። ያኔ ግትር ብቻውን የደረሰው ይታመማል። ያዳናቸውንም ሁለተኛውን ጂን ያኔ ነው የምናገኘው።»

«ስንት ጊዜ ይፈልጋል?»

«ዓመት። ከዚያም ሊበልጥ ይችላል።»

መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። «እንግዲህ ዓመት እጠብቃለሁ» አለ ፕሮፌሰሩ በመጨረሻ። «ለእነሱም እንደዚሁ እጽፍላቸዋለሁ፤ ካመኑን አመኑን። ዘንድሮ ግን አትመረቂም።» ይህን ቀድማ ማወቋ ስትሰማው የተሰማትን ሕመም አልቀነሰላትም።

ቤት ስትገባ እናቷ ሳሎኑ መሀል አዲሱን ቀሚስ ለብሳ መስታወት ፊት ቆማለች። ጠርዙ ገና አልተሰፋም፤ በስፒል ተያይዟል። ወንድሟ ፊቷን እንዳየ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባ።

«እንዴት ነው? አላጠረም?» አለች እናቷ እየዞረች። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። «ምነው፣ ዛሬም አልታመሙም?»

«ድነዋል እማዬ። ለካ ከዳኑ ቆይተዋል።»

«እሰይ፣ ተመስገን» አለች እናቷ ከልቧ። «ታዲያ እነሱ ከዳኑ አንቺን ምን ያስለቅስሻል?»

ጓንት ሶፋው ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ ክሮቹ፣ ስለ ቅርፊቱ፣ ስለሚዘገዩት፣ እሷም እየተቻኮለች ስለ ጣለቻቸው። ዘንድሮ እንደማትመረቅም ነገረቻት። ይህን ስትሰማ እናቷ ስፒሉ እንዳይወጋት ቀስ ብላ ቀሚሱን አወለቀችና ከውስጥ በለበሰችው ቀሚስ ቆማ አዲሱን ማጠፍ ጀመረች።

«አንቺም እኮ ሦስት ዓመት እስኪሞላሽ አልሄድሽም ነበር» አለች፣ እጅጌውን ከእጅጌው እያገጠመች። «እኩዮችሽ ሲሮጡ አንቺ በቂጥሽ ነበር የምትንፏቀቂው። የልጅሽን ነገር ተይው፣ ሌላ ውለጂ ያለኝ ሰው ሁሉ ነበር።»

«ይሄ ከዝንቡ ጋር ምን አገናኘው እማዬ?» አለች ጓንት በንዴት።

«ምንም። ጠበቅኩሽ ነው የምልሽ።»

ዝንብ ልጅ አይደለም ልትላት ነበር። ላብራቶሪ ውስጥ ይህን ሁሉ ብልቃጥ ማቆየት እንደማይቻል፣ ሳይንስ በመጠበቅ ብቻ እንደማይሠራ ልታስረዳት ነበር። እናቷ ግን የታጠፈውን ቀሚስ ይዛ፣ ለከርሞ ልታስቀምጠው ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች።